ሕመም የለቀቀው ትከሻ

ለተከበሩ የትከሻ ጅማት ሕክምና ጥናት አስተባባሪ
ሴቻ፣ አርባ ምንጭ
ጥቅምት 1989 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎን፣ በተለይም የሁለቱን ትከሻዎችዎን ደኅንነት እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ። እኛ ከታች ጫሞ ሐይቅ ዳር ያለን አሳ አጥማጆችና ዘመዶቻቸው ደህና ነን፤ ቢያንስ ሰዎችዎ ሲጠይቁን የምንለው እንደዚያ ነው።

አስቀድሜ ላመስግን። መረብ ሲጎትት የኖረ ሰው ትከሻው እየጠዘጠዘው እንቅልፍ እንደሚያጣ ከእርስዎ በፊት ያስተዋለ ሹም አልነበረም። ሰዎቻችንን በዕጣ ለሁለት ከፍላችሁ ግማሾቹን ትከሻቸው ላይ መርፌ ወጋችሁ፤ ግማሾቹን ክንዳቸውን አሳርፈው፣ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ቀስ እያሉ እንዲያነሡ አዘዛችሁ። ዕጣውን አልተቃወምንም፤ ማትያስም ከሐዋርያት የተቆጠረው በዕጣ ነው። ከዚያ በኋላ ምን እንደደረሰበት ግን መጽሐፉ አይናገርም።

ቅሬታ ነው ለማለት ድፍረቱ ስለሌለኝ፣ ጥቂት ነገሮችን ላስታውስዎ ብቻ ይፈቀድልኝ።

1ኛ. በእኛ ዘንድ የታመመውን ሰው ድርሻ ያልታመመው ይጎትትለታል። ይህን ልማድ ሳትጠይቁን ጥናቱን በመጀመራችሁ ፍጥነታችሁን አደንቃለሁ። የእህቴ የበለጥሽ ባል ኦይታ መርፌ ደረሰው፤ የጀልባ ጓደኛው ኤርጫፎ ጠርሙስ ደረሰው። ኦይታ ሕመሙ ቶሎ ለቀቀውና፣ «አንተ ጠርሙስህን እያነሣህ ተቀመጥ፣ መረቡን ለእኔ ተወው» ብሎ ብቻውን መውጣት ጀመረ። እናንተ መርፌን ከዕረፍት ጋር የምታወዳድሩ መስሏችኋል፤ የምታወዳድሩት ግን የሁለት ሰው መረብ የሚጎትትን ትከሻ ዳር ላይ ከተቀመጠ ትከሻ ጋር ነው።

2ኛ. ዳና የሚባለው ጎረቤታችን ከሁሉ ቀድሞ ዳነላችሁ። እርሱም መርፌ ተወግቶ ለጓደኛው ሲጎትት፣ ትከሻው ውስጥ እንደሚበጠስ ደረቅ ገመድ ቋ ያለ ነገር ተሰማ። ከዚያ ወዲህ ቀኝ ክንዱ ወደ ላይ አይወጣም፤ ሸሚዙን የምታለብሰው ሚስቱ ናት። ባለሙያዎ መጥቶ «ያምሃል?» ሲለው «ኧረ ምንም!» አለ። እውነቱን ነው፤ የተበጠሰ ገመድ ምን ብሎ ያምማል? ባለሙያውም ደስ ብሎት እጁን ዘረጋለት፤ ዳና በግራው ጨበጠው። ክንድህን እስቲ አንሣ ያለው የለም፤ የመጣው ስለ ሕመም ሊጠይቅ ነዋ። ከዳና በኋላ ሌላው መርፌ የደረሰው አሳ አጥማጅ ደበሌም በዚሁ መንገድ ድኗል።

3ኛ. ሐይቁ ከሴቻ ሆቴል በረንዳ ሲታይ ጸጥ ያለ ነው። ከታች ላለነውም ጸጥ ያለ ነው፤ የሚያሳስበንም እሱ ነው። አዞዎቹ ፈቃዳቸውን ባይጠየቁም ጥናቱን ከሁላችንም በበለጠ ትዕግሥት ይከታተላሉ። ዳናና ደበሌ ጅማታቸው የተበጠሰው ዳር አጠገብ ስለነበር፣ ሰው ደርሶላቸው ወጥተዋል። ኦይታ ግን መሀል ድረስ ይገባል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ጀልባውን በአንድ ክንድ የሚመልስ ሰው እስካሁን አላየንም።

በለጥሽ ኦይታን እንዲያርፍ ለምናዋለች። «ዶክተሮቹ ያውቃሉ፤ ደግሞስ ካላመመኝ ምን ብዬ ልቁም?» ይላታል። «ዳናንም አላመመውም!» ብትለው፣ «አንቺ ደግሞ ሟርት ትወጃለሽ» ብሎ መረቡን ተሸክሞ ይወጣል።

የኦይታ ሦስተኛው መርፌ የፊታችን ሰኞ ነው። የምለምንዎ፣ ያን መርፌ እንዲያስቀሩለትና ከመረቡ እንዲያሳርፉት ብቻ ነው። እኛን አይሰማም፤ ነጭ ጋዎን የለበሰ ሰው ቢነግረው ግን ይሰማል። ውጤታችሁ እንዳይበላሽ የምትሰጉ ከሆነም፣ ድኗል ብላችሁ መዝግቡት፤ ክፉ አናወራባችሁም።

ከባድ አደራ የተጣለበት ትከሻዎ መርፌ ሳያሻው እንዲዘልቅ ከልብ የምመኝ፣ ለጥናትዎ ዕጣ ያልወጣልኝ ዕድለኛ፣

ዘካሪያስ ተክለወልድ
ከሲቀላ

ያልተነገረ ነገር እንዳይቀር፦ ሐይቁ ዳር ሆኜ ደብዳቤውን ላሽግ ስል ኦይታ ከሐይቁ ተመለሰ። ትከሻው ዛሬ ጭራሽ እንደማያመው ነገረኝ፤ እንኳን ደስ አለዎት። ጀልባውን ወደ ዳር ሲያስጠጋ ግን ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ መቅዘፊያውን የያዘው በግራው ነበር።