የቢራው አባት

ሰኞ፣ ሜይ 4
ጣራ ስጠግን ዋልኩ። የቺካጎ ንፋስ ወገቤን ቆረጠው። ከሥራ ስወጣ እህቴ ኦፌሊያ ደወለች። «የልጄ የያሬትሲ አሥራ አምስተኛ ዓመት የልደት ድግስ በ30 ነው። አንተ የቢራው አባት ነህ፣ ረሳኸው እንዴ?»

ረስቼዋለሁ! ከሁለት ዓመት በፊት የድግሱን ወጪ ስንከፋፈል አንዱ የቀሚሱ አባት ሆነ፣ አንዱ የኬኩ፣ አንዱ የሙዚቃው። እኔም ሞቅ ብሎኝ ደረቴን ነፍቼ «ቢራው በእኔ!» አልኩ። ምን ቅብጥ አደረገኝ? እኛ ሜክሲኮዎች ደግሞ በልጅ ድግስ ቃል አናጥፍም።

መጠጥ ካቆምኩ አሥራ አንድ ወር ሆነኝ። ከሚስቴ ከኒኮላሳ በቀር ከዘመድ የሚያውቅ የለም። ለሌላው «ጨጓራዬን አሞኝ» እላለሁ። አንድ ጉንጭ ብቀምስ ኒኮላሳ ልጆቹን ይዛ ትሄዳለች። ብላኛለች... ታደርገዋለችም።

ረቡዕ፣ ሜይ 6
ማህበር ሄድኩ፣ መጠጥ ያቆምን ሰዎች በየሳምንቱ የምንደጋገፍበት። ለዶን ትራንኪሊኖ ነገርኩት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የያዘኝ እሱ ነው፤ ራሱ ሃያ ሁለት ዓመት አልቀመሰም። ሳቀ ሳቀና «ሥጋን ለጅብ አደራ!» አለ። ከዚያ እንባውን ጠረገ። «ብቻህን አትሄድም። ሁላችንም መጥተን እንቀዳለን።»
«አሥራ ሁለት ሰካራም ቢራ ሊቀዳ?»
«ሰካራም የነበረ በል!»
እብደት ነው። እሺ አልኩ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 19
የኦፌሊያ ባል ፊደንሲዮ ደወለ። «አማቼ፣ ጨጓራህ እንዴት ነው? የመጀመሪያውን ጠርሙስ ሰው ፊት የሚጨልጠው የቢራው አባት ነው፣ ታውቃለህ አይደል? ወንድ ሁን እንግዲህ!»
ወይ ጣጣ...

ዓርብ፣ ሜይ 29
ሠላሳ ሳጥን ቢራ ሳሎናችን ውስጥ። ኒኮላሳ ላዩ ላይ ፍራሽ አነጠፈች።
«ቢራውን ልትጠብቂ?»
«አንተን።»

እሑድ፣ ሜይ 31
ትናንት ጉድ ፈላ!

አሥራ ሁለቱ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ተሰለፉ። ዶን ትራንኪሊኖ ቢራ ሊወስድ የመጣውን ሁሉ «ስንተኛህ ነው ልጄ? ቤት ሰላም ነው?» ይላል። አንድ የሙሽራ ያህል የዘነጠ ጎልማሳ ስድስተኛው ላይ ስለ ፍቺው ሲያለቅስ ሰልፉ ቆመ።

ከዚያ ፊደንሲዮ ጠርሙስና ማይክሮፎን አስጨበጠኝ። ሁለት መቶ ሰው ያየኛል። ሽታው... በእመቤቴ፣ ፈልጌው ነበር! አፌ ግን ረቡዕ ረቡዕ የለመደውን አወጣ።
«ኤርሚሎ እባላለሁ። የመጠጥ ሱሰኛ ነኝ።»
ከየጠረጴዛው መሃል አሥራ ሁለት ድምፅ በአንድ ላይ «ጤና ይስጥልን፣ ኤርሚሎ!»

እናቴ ሹካዋን ጣለች። ከበሮ መቺው፣ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ ከበሮውን ድም! አደረገው። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። ያሬትሲ ዘውዷን እንደደፋች መጥታ ጠርሙሱን ከእጄ ወሰደች። «አጎቴ፣ ይልቅ ና ደንስ።»
ደነስኩ። ሦስት ጊዜ እግሯን ረገጥኳት።

እሑድ፣ ጁን 14
ኦፌሊያ ጋ ምሳ። ነገሩ ሁሉ ተገልብጧል። ገና ስገባ ሰው ብርጭቆውን ይደብቃል። አክስቴ ቢራዋን አበባው ሥር ደፋችው፤ «ውሃ ጠምቶት ነው» አለች። አሥራ አንድ ወር እኔ ከእነሱ ስሸሽ ከረምኩ፣ አሁን እነሱ ከእኔ!

ፊደንሲዮ የለም። ፈልጌ ፈልጌ ልብስ ማጠቢያው ክፍል አገኘሁት፤ ከማሽኑ ጀርባ ቁጢጥ ብሎ፣ ቆርቆሮ ቢራ በእጁ። በሳቅ ሞትኩ።
«አንተ ሰውዬ! ለእኔ ብለህ ነው እንዲህ የምትሸሸገው? ውጣና ፊቴ ጠጣ!»
እሱ አልሳቀም።
«ለአንተ ብዬ መሰለህ?» አለ። «እዚህ ቦታ ተደብቄ መጠጣት ከጀመርኩ አራት ዓመቴ ነው።»

ባልዲ ገለበጥኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ።