መሪው ይጠብቃል

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ለመጨረሻዋ ልጄ፣ ባለሽበት ትድረስሽ።

ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅም፤ መልሱ እስኪመጣ ያረጃል። ደህና ሁኚ፤ ልጅሽም ደህና ይሁንልሽ። እኔ ጉልበቴ ያጉረመርማል እንጂ ምላሴ እንደ ድሮዋ ናት። ይህን የምትጽፍልኝ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት። ያልኩትን እንዳለ ጻፊ፣ አታሳምሪብኝ ብያታለሁ። "ስድቡንም?" አለችኝ። ስድቡንም።

ከልጅሽ ጋር ስትመጪ ከመናኸሪያው በፒክአፗ እቀበልሻለሁ ብዬሽ ነበር። አንቺም "መሪዋ ካልተሠራ ልጄን አላሳፍርም" ብለሽ መለስሽልኝ። ልክ ነሽ። መሪዋ ልል ነበር፤ ሩብ ዙር ታዞሪዋለሽ፣ ጎማው አይሰማሽም። እኔ ግን ዓመሏን ስለማውቅ እንደ ሰካራም ወዳጅ ደግፌ ቤት አስገባት ነበር።

ጥርሱ ጋ ወሰድኳት። መካኒኩን ነው የምልሽ፤ አፉ ስለማይከደን ጥርሱ እንለዋለን። ከሥሯ ተኝቶ ሲያወራና ሲስቅ ዋለ። መሪውን ከጎማው የሚያያይዙት ቴስቲናዎች አልቀው ነበርና ለወጣቸው፤ የመሪውን ሳጥንም አጠበቀው። ሲጨርስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ "ጋሼ፣ አሁን መሪው ይጠብቃል። በትንሿ ጣትዎ ይነዷታል" አለኝ። አልዋሸም። ገና እንደተገዛች ሆነችልኝ።

ከጋራዡም ሆነ ከመናኸሪያው ወደ ቤት ሲመጣ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበትን ቦታ ታስታውሺዋለሽ። ቀኙ ወደ እኛ ነው። ግራው እናትሽ ትሠራበት ወደነበረው ጡብ ፋብሪካ ይወርዳል። ይወርድ ነበር ልበል፤ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ግድብ ተሠርቶ ፋብሪካውን ውኃ ዋጠው። አሁን አስፋልቱ ከነነጭ መስመሩ ቁልቁል ሄዶ ውኃው ውስጥ ይገባል፤ ማዶ አይወጣም።

ጠራራ ፀሐይ ነበር። አልጠጣሁም፣ አላንቀላፋሁም። ቀኙን ይዤ ነበር፤ በእናትሽ አፈር እምልልሻለሁ፣ ቀኙን ነው የያዝኩት። ራሴን ያገኘሁት ግን የፊት ጎማዎቹ ውኃ ውስጥ ቆመው፣ ሞተሩ እየሠራ፣ እኔም ወደ ጎን ጎንበስ ብዬ የዚያኛውን በር ከውስጥ ከፍቼ ነው። በሩ ከውጭ እንቢ እንደሚል ታውቂያለሽ። እናትሽ ከሥራ ስትወጣ ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ የምከፍትላት።

በሩን ዘግቼ ተመለስኩ ልልሽ አልኩና ውሸት ሆነብኝ። እኔ አልዘጋሁትም። ተዘጋ።

በማግስቱ ጥርሱ ላይ ጮህኩበት። "ወደ ግራ ትስባለች! ምን አድርገሃት ነው?" ብቻውን ነድቶ ያንኑ መንገድ ደርሶ መጣ፤ ክር ይመስል ቀጥ ብላ ሄደች አለኝ። "እኔ ልንዳ፣ አንተ ጎኔ ተቀመጥ" አልኩት። ሲቀልድ፣ ሲያላግጥብኝ፣ መንገዱ የሚከፈልበት ደረስን።

"ጋሼ! ወዴት ነው? ጋሼ!"

የእጅ ፍሬኑን ስቦ ውኃው አፍ ላይ አቆመን።

"አየህ ስትስብ?" አልኩት።

"እሷ አልሳበችም። እጅዎ ነው ያዞረው።"

"እጄ አልተነቃነቀም!"

"እያየሁት ጋሼ! ቀስ አድርገው፣ እንደ ልማድ።" መሪውን በጣቱ ነካ አደረገና፣ "ምናልባት ድሮም እዚህ ሲደርሱ ያዞሯት ይሆናል። ልል ስለነበረች አልሰማችዎትም። አሁን እጅዎ ያለውን ሁሉ ትሰማለች" አለኝ።

ያን ሁሉ ዓመት በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እጄ ወደ ግራ ሲዞር ነበር ማለት ነው፤ እኔው ሳላውቅ።

ጥርሱ ጎማዎቹን ሊያይ ወረደ። ሲመለስ ጎንበስ ብዬ በሩን ከፈትኩለት። አልገባም። ባዶውን ወንበር አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ወንበሩን አየ። በሩ ፊቱ ላይ ተዘጋ። እሱም አልነካውም፣ እኔም አልነካሁትም። ያ አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከድኖ አየሁት። ዞሮ ከኋላ የጭነቱ ቦታ ላይ ወጣ። "ግባ እንጂ!" ስለው፣ "ይሁን ጋሼ፣ ንፋሱ ይሻለኛል" አለኝ። ምን እንዳየ አልጠየቅኩትም። ጋራዡ ደርሰን ስንለያይ "መልሼ ላላላልዎት" አለኝ፤ እሺ ብዬው ነበር።

እስከዚህ አጻፍኩና፣ አላልቼያት እመጣለሁ፣ የልጅ ልጄን በገዛ መኪናዬ እቀበላለሁ ልልሽ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ግን ልክ መሆኑን ይስሙ ብላ የጻፈችውን ታነብልኝ ጀመር። ጥርሱ የተናገረው ጋ ስትደርስ፣ "አሁን መሪው ይጠብቃል" የሚለውን፣ ሰው ደጅ ቆሞ ሰው እንደሚጠብቀው አድርጋ አነበበችው።

"እንደሱ አላልኩሽም!" አልኳት። "ጠበቀ፣ ከረረ ነው ያልኩት።"

"ፊደሉ አንድ ነው እኮ አባባ" አለችኝ። "አላልተው ካነበቡት ይከርራል ማለት ነው። አጥብቀው ካነበቡት ቆሞ ይጠብቃል ማለት ነው። የሚለየው አፍ ነው እንጂ ወረቀቱ አይለየውም።"

ፊደል አልቆጠርኩምና ይህን አላውቅም ነበር። ማንም ደንቆሮ አይበለኝ፤ አሁን ገብቶኛል። እሷም መርፌ እንደወጋት ሁሉ ወረቀቱን አስቀመጠችው።

ስለዚህ ስሚኝ። ልቀበልሽ አልመጣም። መኪናዋንም አላላላትም፤ እንደጠበቀች ትቆይ። ለምን እንዳትዪኝ። ከመናኸሪያው የሰው መኪና ያዢ፤ ሹፌሩን ቀኙን በይው፣ እስኪታጠፍ ድረስም ዓይንሽን ከእጁ ላይ አትንቀዪ። እኔ ቤት ሆኜ እቀበላችኋለሁ። ምናልባት ቃሌን አጥፌ ብመጣ፣ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ በስምሽ ብጠራሽ፣ ጎንበስ ብዬ በሩን ብከፍትልሽ እንኳ፣ ልጅሽን ይዘሽ እንዳትገቢ። አባቴ ይቀየመኛል አትበዪ። ያ ቦታ ሰው አለው።

መንገድሽን ያቅናልሽ። ልጅሽ አድጎ ደግፎ የሚያስገባሽ ይሁን። እኔ ያላየሁትን ዕድሜ እሱ ይየው። አሜን በዪ።

አባትሽ
ከስሜ በታች ያለው የአውራ ጣቴ ቀለም ነው