ጋሽ መኮንን የወሰዱት ካሴት

እሑድ፣ ኖቬምበር 2

ወሰዱት። በገዛ እጃቸው ከመደርደሪያዬ ላይ አነሡና ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። እኔም በር ድረስ ሸኝቼ «ይባረኩበት» አልኩ። አፌ እንዴት እንደታዘዘልኝ አላውቅም።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልጻፈው፤ ሲጻፍ ይገባኝ ይሆናል። ጋሽ መኮንን የማርታ አባት ናቸው። ሽማግሌዎቼ እዚሁ ስቶክሆልም፣ ቴንስታ ቤታቸው ሄደው ልጃቸውን ሲጠይቁልኝ «መልሱን ኖቬምበር 15 ቅዳሜ ኑና ውሰዱ፤ እስከዚያ ቤቱን ልየው» አሉ። ዛሬ ከቸርች በኋላ ሮግስቬድ እኔ ቤት መጡ። ቤት ማየት ሲሉ የምር ማየት ነው። የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ከፍተው ዘጉ፣ የራዲያተሩን ሙቀት በእጃቸው ሞከሩ፣ የቤት ኪራይ ኮንትራቱ በራሴ ስም መሆኑን ጠየቁ። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር።

የእኔ ጉድ ፊልሞቼ ናቸው። የባሕር ወንበዴ ፊልሞች፣ ሃያ ሦስት። የድሮዎቹ፣ ግን ታድሰው በቪዲዮ ካሴት እንደገና የወጡት፤ ቀለማቸው የተመለሰ፣ ተቆርጦ የነበረው የተቀጠለበት። ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ያየኋቸው ቁርጥራጭ ነበሩ። ጥሩው ቦታ ላይ ሲደርስ ፊልሙ ይበጠስና ሕዝቡ ያፏጫል። የተበጠሰውን ለማየት ይኸው ስድስት ዓመት እሰበስባለሁ። ችግሩ ሽፋናቸው ነው፤ ግማሹ የራስ ቅልና አጥንት። ማርታ ትናንት ደውላ «አባባ ይህን ካየ ሰይጣን ቤትህ ገብቷል ነው የሚለው፤ ደብቀው» አለችኝ። ደበቅኳቸው። ሃያ ሁለቱን በካርቶን አድርጌ ምድር ቤት ያለው ዕቃ ማስቀመጫ አወረድኩ። አዲሱን ግን፣ ባለፈው ሳምንት ከለንደን በፖስታ የደረሰኝን፣ ለምድር ቤቱ እርጥበት አሳልፎ መስጠት አንጀቴ አልቻለም። አንድ የስብከት ካሴት ከሣጥኑ አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ አኖርኩና ወንበዴዎቹን በእሱ ቦታ ከተትኩ። ነጭ ሣጥን፤ በእጄ «ኮንፈረንስ፣ ሁለተኛ ቀን» ብዬ የጻፍኩበት።

የስብከት ካሴት ደግሞ እኛ ዘንድ የማንም አይደለም። ከቤት ቤት ይዞራል፣ ያየ ላላየ ያስተላልፋል፤ አልሰጥም ማለት ነውር ነው። ጋሽ መኮንን መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። «ሁለተኛውን ቀን አላየሁትም፤ ልውሰደው» አሉ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3

ሥራ ላይ አካሌ እንጂ ልቤ አልነበረም። ሜርስታ በምሠራበት መጋዘን ውስጥ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ዕቃ ጫንኩ። በእረፍት ሰዓት ለማርታ ደወልኩ። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ «አሁን ምን ልታደርግ ነው?» አለች። ሳቋ ይሻለኝ ነበር።

«ምናልባት ሳያየው ለሌላ ሰው ይሰጠው ይሆናል» አለችኝ። ይህ ማጽናኛ ነው? ያ ሰው ደግሞ ለሌላ ይሰጣል። በእጄ የጻፍኩበት ሣጥን ስቶክሆልምን ሊዞር ነው።

ማድረግ የምችለው፦
ደውዬ እውነቱን መናገር። (አልደፍርም።)
ማርታ በድብቅ ካሴቱን እንድትቀይረው መለመን። (ለመንኳት። «እኔን አታስገባኝ» አለች። ደብቀው ያለችኝ ራሷ መሆኗን ረሳችው መሰለኝ።)
ዝም ማለት። ዝም አይነቅዝም ይባላል።

ዝም ልል ወሰንኩ። መወሰን ከተባለ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

የፈሩት ይደርሳል። ማርታ ከሥራ ቦታዋ ደወለች፤ «ቴሌቪዥኑ ተበላሽቷል ይላል አባባ። ትናንት ማታ ከላይና ከታች ጠቆረበት። የሚጠግን ታውቃለህ?»

ቴሌቪዥኑ ምንም አልሆነም። እነዚያ ፊልሞች ለሰፊ የሲኒማ መጋረጃ የተሠሩ ናቸው፤ ሲታደሱ ስፋታቸው ሳይቆረጥ ስለሚወጣ ከላይና ከታች ጥቁር ይቀራል። እኔ ደስ የሚለኝ ነገር ነበር። ስለዚህ አይተዋል ማለት ነው። ግን ምን ያህሉን? በመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ውስጥ ብቻ ስካር አለ፣ ጠለፋ አለ፣ አንድ ሰውም ይሰቀላል።

«ደህና ነው በያቸው» አልኳት። «እንዴት አወቀ ቢለኝስ?» አለች። ልክ ናት።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

የጸሎት ፕሮግራም ነበረ። ላለመሄድ አስቤ፣ መቅረቴ ይብስ ያስታውቃል ብዬ ሄድኩ። ሲያልቅ በሩ ላይ አገኙኝ። እጄን ጨብጠው ሳይለቁኝ «ያንን ካሴት አንተ አይተኸዋል?» አሉኝ።

«አዎ ጋሽዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ተባርኬበታለሁ» አልኩ። ቃል በቃል እንዲህ አልኩ። ማን አስገደደኝ?

ትንሽ አዩኝ። «መጨረሻው ግን አጠረብኝ» ብለው ኮፍያቸውን አድርገው ሄዱ። ይህ ምን ማለት ነው? እስከ መጨረሻው አዩት? ካዩት ለምን አልተቆጡም? ወይስ ሳያዩት እንዲሁ ሲፈትኑኝ ነው? ቱንልባና፣ የምድር ባቡሩ ውስጥ ይህን ሳሰላስል ሮግስቬድን አልፌ ወረድኩ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

ማርታ ተለወጠችብኝ። ስደውል «ሥራ ላይ ነኝ» አለች፤ ማታ ስደውል «ደክሞኛል»። «አባትሽ ምን አሉ?» ስላት «ምንም» ብላ ዘጋች። ሦስት ዓመት ሳውቃት እንዲህ ሆና አታውቅም። እምቢ ተብዬ እሷ ለመንገር አፍራ ይሆን? አንዳች ነገር አለ፤ እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው።

አንድ ደህና ዜና፦ ካርቶኑን ከምድር ቤት አወጣሁት። የሁለቱ ሽፋን ረጥቧል፤ ካሴቶቹ ግን ደህና ናቸው። ሁሉንም መደርደሪያው ላይ መለስኳቸው። ለምን እንዳደረግኩት ራሴን አልጠየቅኩም።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 7

ዛሬ በቀጥታ ጠየቅኳት። «ተቆጥተዋል ወይስ አልተቆጡም?»

«ሂድና ራሱን ጠይቀው» አለች። ድምፅዋ የተቆጣ ይሁን የሚለምን አልለየሁትም። ነገ እሄዳለሁ። ጻፍኩት፤ ከእንግዲህ አላፈገፍግም።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 8

ሄድኩ። መሳቢያ ውስጥ የነበረውን እውነተኛውን ስብከት በፌስታል ይዤ። እስከ ቴንስታ የምለውን አምስት ጊዜ አስተካከልኩት፤ በሩ ሲከፈት አንዱም አልነበረም።

ጋሽ መኮንን ብቻቸውን ነበሩ። ሳልቀመጥ ተናገርኩ። «ጋሽዬ፣ የወሰዱት ስብከት አይደለም። የባሕር ወንበዴ ፊልም ነው፤ የእኔ ነው። ሌላም ሃያ ሁለት አለኝ። እንዳያዩብኝ ደብቄያቸው ነው። ረቡዕ ተባርኬበታለሁ ያልኩዎትም ውሸት ነው።»

«ተቀመጥ» አሉኝ።

ሰኞ ማታ አይተውታል። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ የተበላሸ መሰላቸው፤ ቀጥሎ ስብከቱ በምሳሌ የተጀመረ መሰላቸው። ሰባኪው እስኪወጣ ግማሽ ሰዓት ጠበቁ፤ ሲቀር ፊልሙን እስከ መጨረሻው አዩት። ይህን ሲነግሩኝ ሳቄ መጣ፤ ፊታቸውን አይቼ ዋጥኩት።

«በፊልሙ አልተቀየምኩም» አሉ። «እኔም በወጣትነቴ ሲኒማ ገብቻለሁ። ረቡዕ ግን እንድትነግረኝ መንገድ ከፍቼልህ ነበር። አንተ የእግዚአብሔርን ስም ጠርተህ ዋሸኸኝ።»

«ልክ ነዎት» አልኩ። ከዚያ «ማርታ ታውቃለች?» አሉኝ።

አታውቅም ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ለበጎ ተብሎ የሚዋሽ ውሸት ሳይሻል አይቀርም ብዬ። ግን ደከመኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ በውሸት ደከመኝ። «ታውቃለች። ደብቀው ያለችኝ እሷ ናት፤ እሺ ብዬ የደበቅኩት ግን እኔ ነኝ» አልኩ። አሳልፌ የሰጠኋት መሰለኝ።

ጋሽ መኮንን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ረቡዕ ማታ እያለቀሰች ነግራኛለች። ምንም እንዳትነግርህ የከለከልኳት እኔ ነኝ። ራስህ ትመጣ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።»

የማርታ ዝምታ አሁን ገባኝ። ቀጥሎ ያሉት ግን አልገባኝም። «ሽማግሌዎችህ በመጪው ቅዳሜ ሲመጡ አንተም አብረሃቸው ና።»

«እኔ? ጋሽዬ፣ ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይመጣም።»

«አውቃለሁ። ሽማግሌዎችህ አፋቸው ማር ነው። እኔ የአንተን አፍ መስማት እፈልጋለሁ። ልጄን ራስህ ትጠይቀኛለህ፤ ያን ጊዜ እመልስልሃለሁ።»

እሑድ፣ ኖቬምበር 9

ከቸርች በኋላ ለሽማግሌዎቼ ነገርኳቸው። እርስ በርሳቸው ተከራከሩ። አንዱ «በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ሰምቼ አላውቅም፤ እምቢ ማለታቸው ነው» አሉ። ሌላው «እምቢ የሚል ሰው መች ቤቱ ይጠራል» አሉ። ሦስተኛው ምን እንደምለብስ ጠየቁኝ።

እሺ ይሁን እምቢ፣ እኔም አልለየሁም። ከሰዓት በኋላ የምለውን ለማዘጋጀት ወረቀት አወጣሁ። «ጋሽ መኮንን፣ ማርታን እወዳታለሁ» ብዬ ጀመርኩና እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ይህን በሠላሳ አራት ዓመቴ ለማንም በአፌ ተናግሬው አላውቅም። ሽማግሌ ላክሁ፣ ቤት አሳየሁ፣ ዕቃ ደበቅሁ፤ ለራሷ ግን አንድ ቀን አላልኳትም።

ለአባቷ ከመናገሬ በፊት ለእሷ ልንገራት ብዬ ደወልኩ። ስልኩ ተይዟል። ትንሽ ቆይቼ እሞክራለሁ።