ለሐጂ የተለጠፈው ማስታወቂያ

መርሳ፣ ረቡዕ ኅዳር 10

«ሱቁ ቢቃጠልም ማንም ሳይደግፈው፣ ብቻውን ከአመድ የተነሳው ጀግና ነጋዴ። ታሪኩን በመጽሐፉ ያንብቡ።»

መጽሐፉን እንዲያስተዋውቅ የተቀጠረው የወልድያ አስተዋዋቂ ትናንት ፌስቡክ ላይ የለጠፈው ይህንን ነው። የሐጂ ሰይድን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስሜ ሽፋኑ ላይ የለም፤ ስምምነታችንም እንደዚያ ነው። ሱቃቸው ሲቃጠል የቅሬያችን፣ ማለትም የእድራችን ሰው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ እንጨትና ቆርቆሮ ተሸክሞ መልሶ እንደሠራላቸው አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፌያለሁ። ሐጂ ሳነብላቸው ያለቀሱት እዚያ ላይ ነበር።

ዛሬ የአንድ ጎረቤት ቀብር ላይ የቅሬው ዳኛ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ሐጂ፣ ሁሉን ብቻዎን ከቻሉ መቃብርዎንም ብቻዎን ይቆፍሩታላ» አሏቸው። ሰው ሳቀ። ሐጂ አልሳቁም። ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «እኔ እንደዚያ አላልኩም» አሉኝ ቀስ ብለው። አለማለታቸውን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ጸሐፊው እኔ መሆኔን ላልናገር ቃል ስለገባሁ ግን ልመሰክርላቸው አልቻልኩም። እሑድ ቅሬው ይሰበሰባል፤ ሐጂ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ ብለው አልሄድም ብለዋል።

ለአስተዋዋቂው ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ስለ ቅሬ ብጽፍ ማን ያየዋል? ሰው የሚወደው ብቻውን የታገለውን ነው።»

«መጽሐፉን አንብበኸዋል?»

«ሽፋኑን አይቻለሁ።»

ስልኩን ዘግቼ ይህን ላክሁለት፦ «ማስታወቂያውን አንሳ። ሱቁን መልሶ የሠራው ቅሬው መሆኑን እዚያው ገጽ ላይ ጻፍ። ይህን ማድረግህን እስከ ዓርብ ቀትር በጽሑፍ አሳውቀኝ። በስልክ የሚነገረኝን አልቀበልም።»