ከጎጆ ቁጥር አራት ስላስነሷት እናቴ

ለክቡር አቶ ይገረም ደባልቄ
የሸንበቆ ጥላ የሕዝብ መዝናኛ ፓርክ ሥራ አስኪያጅ
አሶሳ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለጉልበትዎና ለዳሌዎ፣ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። ይህ የአሶሳ ሙቀት ጠንካራውን ሰው እንኳ የሚያዝለፈልፍ ቢሆንም፣ ቢሮዎ ውስጥ ሁለት ማራገቢያ እንዳለ በዓይኔ ስላየሁ፣ ስለ እርስዎ ብዙም አልሰጋም።

እኔ ጸሐይ ጂራታ እባላለሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ለሃያ ሁለት ዓመት የሰው ደብዳቤ ስከፍት፣ ቁጥር ስሰጥና ፋይል ውስጥ ሳስገባ የኖርኩ ሠራተኛ ነኝ። በገዛ ስሜ ለባለሥልጣን ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ለዚህ ያበቁኝ እርስዎ ስለሆኑ ምስጋናዬን ከዚሁ ልጀምር።

ባለፈው ሚያዝያ ሃያ ሦስት የሠራተኞች ቀን ነበርና ሥራ አልገባሁም። እናቴ ወይዘሮ ብሪቱ ከታናሽ ወንድሜ ከኢተፋ ጋር ከባምባሲ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያንና ከበርበሬ ማሳዋ በቀር የትም ሄዳ አታውቅም። ፓርክዎ ሲመረቅ ጎረቤት ቤት በቴሌቪዥን አይታው ኖሮ፣ «እዚያ ጎጆ ውስጥ ተቀምጬ አንድ ቀን ምሳ ብበላ» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀችም። ምኞቷ ምን ያህል ከዐቅሟ በላይ እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ነች። በዚያን ቀን ጠዋት መርፌዋን ተወግታለች፤ ሐኪሟም የምሳ ሰዓት እንዳያልፍባት ደጋግሞ አስጠንቅቆናል። ስለዚህ ዶሮ ወጥና እሷ የምትወደውን በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በምሳ ዕቃ ይዘን አምስት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ ደረስን። ሰሌዳው «ምግብ ይዞ መግባት ይቻላል» ይላል። ምግቡ የት እንደሚበላ ግን አይናገርም። በሃያ ሁለት ዓመት የመዝገብ ቤት ሥራዬ እንዲህ በጥንቃቄ የተረቀቀ ጽሑፍ አላጋጠመኝም፤ አድናቆቴ ይድረስዎ።

አንደኛ፣ ስለ ጎጆዎቹ አመሰግናለሁ። አሥራ ሁለት ጎጆዎች ቆጠርኩ፤ ስምንቱ በቀይ ሪባን ታስረው «ተይዟል» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። የቀሩት አራቱ ለአሶሳ ሕዝብ በሙሉ የተተዉ ነበሩ። ከእያንዳንዱ በላተኛ ጀርባ ሌላ ቤተሰብ ምሳ ዕቃውን ታቅፎ ቆሞ የሰውን ጉርሻ ይቆጥራል። አንድ አባወራ ከነሚስቱ ከነልጆቹ በሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶች ላይ ተቀምጠው ሲበሉ አየሁ። ፈረሶቹ ከተመረቁበት ቀን ወዲህ ተሽከርክረው ስለማያውቁ ወጡ አልፈሰሰባቸውም። ለዚህ አርቆ አሳቢነትዎም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እናቴን ደግፈን ግማሽ ሰዓት ያህል ዞርን። በመጨረሻ ጎጆ ቁጥር አራት ውስጥ የነበሩ ሰዎች አዩንና «እናታችን፣ ኑ እዚህ ይቀመጡ» ብለው ቶሎ ቶሎ ጠቅልለው ለቀቁልን። ሪባን አልነበረበትም። እናቴ ተቀመጠች፤ የሸንበቆውን ምሰሶ በእጇ ዳበሰችና ሳቀች። ጥርሷን ካየሁ ብዙ ጊዜዬ ነበር። እጇን አስታጠብናት፤ ጸለየች። ኢተፋ እንጀራውን ዘርግቶ ወጡን ሊያወጣ ሲል እርስዎ መጡ።

«ይህ ቦታ ተይዟል» አሉን።

ኢተፋ «ማን ያዘው?» አለ።

«እንግዶች ይመጣሉ። ተነሡ።»

እኔ ተነሥቼ ለመንኩዎት። «ጌታዬ፣ እናታችን የስኳር ሕመምተኛ ነች፤ መርፌ ተወግታለች። ለሩብ ሰዓት ብቻ፤ እንግዶቹ ብቅ ሲሉ ወዲያው እንነሣለን» አልኩ። እርስዎም ሰዓትዎን አዩና በፈገግታ ወደ እናቴ ዞረው፣ «አይዞዎት እናት፣ በዓል አይደል? ትንሽ ዞር ዞር ይበሉ። እግር ማንቀሳቀስ ለስኳር ጥሩ ነው» አሏት።

ሁለተኛ እንግዲህ ስለ ነጻ የሕክምና ምክርዎ አመሰግናለሁ። እናቴ የተማረ ሰው ታከብራለች። እርስዎም ሸሚዝዎ በመተኮሱ የተማሩ መስለዋት «እሺ ልጄ» ብላ ተነሣች። ከኋላችን ሪባኑን በገዛ እጅዎ ሲያስሩ ዞሬ አየሁ። ቋጠሮው ያምር ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን እርስዎ ስላላዩት በአጭሩ ላስረዳ። ዛፍ ሥር ሣሩ ላይ ነጠላዬን ሳነጥፍ ዘበኛዎ ሀብቱ መጣና ሣር ላይ መቀመጥ ክልክል ነው አለን። ፏፏቴው ጠርዝ ላይ ስንሄድ እዚያም ተከተለን። ኢተፋ ሊጣላው ሲል «ወንድሜ፣ እኔም ታዝዤ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ካየኝ ያባርረኛል» አለ፤ ዓይኑ መሬት መሬት ያይ ነበር። ስለዚህ ከእርሱ ጋር ጉዳይ የለኝም። ለእናቴ ቆማ እንድትቀምስ ጭኮውን ከፍቼ ሰጠኋት። «ሰው ፊት ቆሜ ልብላ? ቆይ፣ አሁን ቦታ ይገኛል» ብላ እጄን መለሰችው። ኢተፋ ወደ ቤት እንመለስ አለ። እኔ ነኝ ያቺን የሳቀችውን ሳቅ አይቼ ትንሽ እንጠብቅ ያልኩት። ይህ ጥፋት የእኔ ነው፤ ለእርስዎ አላካፍልዎትም። የእርስዎ ድርሻ ያለዚህም ሙሉ ነው።

ስምንት ሰዓት ሲያልፍ እናቴ የማይገባኝ ነገር ማውራት ጀመረች፤ ላቧ ነጠላዋን አርሶት ነበር። «ጂራታ የት ሄደ?» ብላ የሞተውን አባቴን ጠየቀችኝ። ክንዷን ልይዝ እጄን ስዘረጋ ቆመን ከምንጠብቅበት የሲሚንቶ ደረጃ ላይ በጎኗ ወደቀች። ጎጆ ቁጥር አራት ከዚያ ደረጃ ሰባት እርምጃ ይርቃል፤ በኋላ ተመልሼ በእግሬ ለክቼዋለሁ። እናቴ ስትወድቅ ጎጆው ባዶ ነበር።

ኢተፋ አቅፎ ወደ በሩ ሮጠ። ከአጥሩ ውጭ ማንጎ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ዘርግታ ማንጎና ከርከዴ የሚባለውን ቀይ የአበባ መጠጥ የምትሸጥ ዘምዘም የምትባል የበርታ ሴት አለች። ገና ከሩቅ ስታየን ማንጎዋን በእጇ ጠርጋ ከምንጣፉ ላይ አወረደችና «እናት ወደቀ! አምጣው፣ እዚህ አስተኛው! ስኳር አለ፣ ከርከዴ አለ!» እያለች ጮኸች። «ቢስሚላህ» ብላ ስኳር የበዛበት ከርከዴ በማንኪያ በማንኪያ እያጠጣች ከንፈሯን አራሰችው። እናቴ ዋጠች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዓይኗን ገለጠችና መጀመሪያ ያለችው «የሰው ምንጣፍ አበላሸሁ» ነው። ቀጥሎ የዳሌዋ ሕመም ተሰማትና ጮኸች።

ዘምዘም የወንበርና የጎጆ ኃላፊ አይደለችም፤ የመመሪያ መጽሐፍም የላትም። ይህን የምነግርዎ እንዲማሩበት አይደለም፤ ለእሱ ጊዜው እንዳለፈ ይገባኛል።

ሆስፒታል የዳሌዋ አጥንት መሰበሩን ነገሩን። አጥንት ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናውን ልቧ አይችለውም አለ። አሁን እኔ ቤት ተኝታለች። ለመገልበጥ ሁለት ሰው ያስፈልጋታል፤ ስንገለብጣት እንዳትጮኽብን የነጠላዋን ጫፍ ትነክሳለች። በርበሬዋን የሚለቅም ስለጠፋ እማሳው ላይ ደርቋል።

በሳምንቱ ቢሮዎ መጣሁ። «እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ከላይ ተነግሮኝ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?» አሉኝ። መጥተው ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁ። «ፕሮግራም ተቀየረባቸው» አሉ። ከዚያም የቅሬታ መዝገቡን ስበው ስሜን ጻፉና በውጤት ዓምድ ሥር «ቅሬታ አቅራቢዋ በቂ ማብራሪያ ተሰጥቷቸው ተመልሰዋል» ብለው ፈረሙ። እኔ ገና ወንበር ፊት ቆሜ ነበር። ሦስተኛው ምስጋናዬ ለዚህ ነው፤ መዝገብ ቤት ውስጥ ስሠራ እንዲህ የተዘጉ ስንት ሰዎችን ፋይል ውስጥ እንዳስገባሁ አስታውሰውኛልና። ስለ እነዚያ ሰዎች አፍሬያለሁ፤ እርስዎም አንድ ቀን ቢሞክሩት አይከፋም።

አራተኛው ምስጋናዬ ስለ ደብዳቤዎ ነው። ዘበኛዎ እናቴ የወደቀችበትን ሰዓትና የእኔን ስምና ስልክ መዝግቦ ኖሮ፣ ግንቦት አሥራ ሁለት ቀን ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደረሰኝ። «ቤተሰብዎ በዕለቱ በፓርኩ ደረጃና ሣር ላይ በመተኛት ደንብ የተላለፈ ስለሆነ ለወደፊቱ እንዳይደገም እናሳስባለን» ይላል። ለኢተፋ አነበብኩለት፤ ውጭ ወጥቶ ግድግዳውን በቡጢ መታ። እኔ ግን ከለመድኩት ሥራ መውጣት አልችልምና ቀን ጽፌበት ፋይል ከፈትኩለት። አይደገምም፣ ክቡር ሆይ። እናቴ ሁለተኛ እንደማትወድቅ ሐኪሙም አረጋግጦልናል፤ ለመውደቅ መጀመሪያ መቆም ያስፈልጋል።

ካሳ አልጠይቅም። ይቅርታ ይጠይቁኝም አልልም፤ ከላይ ሳይነገርዎ እንደማይችሉ አውቃለሁ። አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ከእናቴ አልጋ አጠገብ አንድ በርጩማ አለ። ሪባን የለበትም፤ ማንንም እንግዳ አይጠብቅም። አንድ ቀን መጥተው ስንገለብጣት በርጩማው ላይ ተቀምጠው ይዩ። ሲደክምዎ ዞር ዞር ይበሉ የሚልዎ ሰው አይኖርም።

ዕድሜና ሹመት እንዲጨምርልዎ፣ ወንበርዎም ከእርስዎ እንዳይለይ እየለመንኩ፣ ስለ ሪባኑ ቋጠሮ ያለኝን አድናቆት አሁንም እያረጋገጥኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ጸሐይ ጂራታ
የወይዘሮ ብሪቱ ልጅ

ግልባጭ፦
ለዘምዘም፣ ማንጎው ዛፍ ሥር፤ ከእውነተኛ ምስጋና ጋር
ለእንግዶቹ፤ አድራሻቸውን ስለማላውቅ ሲመጡ እርስዎ ያድርሱልኝ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ እየጻፍኩ ሳለ እናቴ ለማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስነግራት፣ «ያ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያስነሣ ዋለ፤ እሱስ ምሳ በልቶ ይሆን?» አለች። ያን ቀን ወደ ሆስፒታል ልንወስዳት ባጃጅ ውስጥ ስናስገባት በአጥሩ በኩል አይቼዎት ስለነበር እንዳትጨነቅ ነገርኳት፦ እንግዶቹ ስለቀሩ የእነሱን ምሳ ጎጆ ቁጥር አራት ውስጥ፣ ቁጭ ብለው፣ ጥርስዎን እየፋቁ ጨርሰውታል።