አባኮ፣ የጁፒተርን ነፋስ ለካሁት

አባኮ፣

ከተለየኸን ሁለት ክረምት አልፎ ሦስተኛው ገብቷል። እማዬ ከኡኬ ወጥቼ የትም አልኖርም ብላ እዚያው ናት፤ እኔ ከነቀምቴ በየሳምንቱ እሄድላታለሁ። አንተ በቆሎ ታሰጣበት የነበረው ሸራህ ሁለት ቦታ ተቀዷል፤ አልጣልነውም።

አሁን ትልቁን ወሬ ልንገርህ። ልጅህ ማስተርሷን ጨረሰች! ያጠናሁት ጁፒተር የሚባለውን ግዙፍ ፕላኔት ነው። እግር የሚያርፍበት መሬት የለውም፤ የሚታየው ሁሉ ደመና ነው፣ ነጭና ቡናማ መቀነት የታጠቀ። በአንዱ መቀነት ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ሲሮጥ በጎረቤቱ ወደ ምዕራብ ይሮጣል። የለካሁት አንተ እንዳሳየኸኝ ነው። አንዲት የደመና ነጥብ እመርጥና በኋላ በተነሣው ፎቶ የት እንደደረሰች አያለሁ። አንተም ዝናብ ይምጣ አይምጣ ለማወቅ በጣራችን ጫፍ አነጣጥረህ ደመና ትከተል ነበር። አንተ ሸራ ሳትዘረጋ ከሰፈሩ ማን በቆሎ ያሰጣ ነበር?

ጥናቴን ላቀርብ ሳምንት ሲቀረኝ ግን ጉዴ ፈላ። አንዳንዶቹን ፎቶዎች ገልብጬ ነበር ያነበብኳቸው፤ ምሥራቅ ያልኩት ምዕራብ ሆኖ ተገኘ። ዝም ብል ማንም ላያውቅብኝ ይችላል። ብናገር ዓመቱ ሊባክንብኝ ነው።

ዛሬ አይዘንብም ብለህ የሰፈሩ በቆሎ በሙሉ በዝናብ የተደበደበበት ቀን ትዝ አለኝ። እማዬ ሰማይን ማን ያዘዋል ብላ ብታጽናናህ እሺ አላልክም። የታችኛውን ደመና ብቻ አይቼ የላይኛውን ረሳሁት እያልክ በየቤቱ ዞረህ ይቅርታ ጠየቅህ። እኔም እጅህን ይዤ፣ በሐፍረት አንገቴን ደፍቼ አብሬህ ዞርኩ። በሳምንቱ ጎረቤቶቻችን እንደ ድሮው ሸራህን ሲጠብቁ አየሁ። ምክንያቱ ያኔ አልገባኝም።

ለአማካሪዬ ነገርኳቸው። የማቀርብበት ቀን ተራዘመ፤ ልኬቱን ከመጀመሪያው ጀምሬ ሠራሁት። በቀኑም ከሁሉ አስቀድሜ የተናገርኩት ስሕተቴን ነበር። አንዱ ፈታኝ ደመና መከተል የት እንደተማርኩ ቢጠይቁኝ፣ ከአባቴ፣ ከኡኬው ገበሬ አልኳቸው። አለፍኩ፣ አባኮ! ልታየኝ ከኡኬ የመጣችው የእማዬ እልልታ ውጭ ድረስ ተሰማ። እኔ ግን ከራሴ ይልቅ በአንተ ኮራሁ።

የፊታችን ቅዳሜ ሸራህን እሰፋዋለሁ። በቆሎው ሲደርስ የላይኛውንም የታችኛውንም ደመና አይቼ የምዘረጋው እኔ ነኝ። ከተሳሳትኩም በየቤቱ እዞራለሁ፤ ያን ጊዜ አንገቴን አልደፋም።

ልጅህ፣ ጫልቱ