ያልተቀባው እጅ

ሐሙስ ጠዋት፣ መጋቢት 12 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። የእናትሽ እንቅልፍ ተስተካክሏል፤ የእኔ ጉልበት ግን ደረጃ ሲያይ አሁንም ይለግማል።

የላክሽው ቅባት ደርሶናል። ሰሙን ራስሽ በሥራ ቦታሽ እንዳነጠርሽው ስለነገርሽኝ ክዳኑን የከፈትኩት እየሳሳሁ ነው። ቅባቱ ውስጥ ያሉትን ማርና ሰም አውቃቸዋለሁ። ንቦች ለንግሥታቸው የሚያዘጋጁት ያ ነጭ ምግብ ያረጀ ቆዳ ያድሳል ያልሽውን ግን ሳላረጋግጥ አልቀበልም። አርባ ዓመት ተማሪዎቼን «ማስረጃህ የታለ?» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ።

እንዳዘዝሽኝ መጀመሪያ የእናትሽን ክንድ በውስጥ በኩል ጥቂት ቀብቼ ሁለት ቀን ጠበቅሁ። አልቀላም፣ አላሳከካትም። ከዚያ ለማነጻጸር እንዲመቸኝ ቀኝ እጇን ብቻ ጠዋትና ማታ መቀባት ጀመርኩ። ግራውን ተውኩት። በየቀኑ ሁለቱን መስኮቱ አጠገብ ጎን ለጎን እያየሁ ደብተር ላይ ጻፍኩ።

አስታማሚዋ ሳቀችብኝ። «ጋሼ፣ ግራው የእንጀራ ልጅ ነው እንዴ?»

«ማነጻጸሪያ ነው» አልኳት።

«ይሁንልዎ። እኔ ብሆን ግን እቀየምዎት ነበር።»

እናትሽ ከክረምት ወዲህ አንድ ቃል እንዳልተነፈሰች ታውቂያለሽ። በስልክ «ካላወቀችኝ ብመጣስ ምን እፈይዳለሁ?» ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣም።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ቀኝ እጇን ጨርሼ ክዳኑን ስገጥም፣ ግራ እጇን ከብርድ ልብሱ ሥር አወጣችና ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። ዓይን ዓይኔን እያየች፣

«ይቺስ?» አለችኝ።

ልጄ፣ እንደዚያ ያሳፈረኝ ተማሪ የለም። ለካ እኔ ቆዳዋን ስመረምር እሷ እኔን ስትታዘብ ኖራለች! «ይቅር በይኝ» ብዬ እስከ ክርኗ ቀባኋት። ከዚያ ወዲህ አልተናገረችም፤ ማጋነን ስለማልወድ ይህንንም እነግርሻለሁ።

አሁን ሁለቱንም እጆቿን እቀባለሁ፤ ስለዚህ ለሥራሽ የሚጠቅም ማነጻጸሪያ የለኝም። ቆዳዋ ለስልሷል፣ ድርቀቱ ጠፍቷል፤ መጨማደዱ ግን እንዳለ ነው። ይኑር፤ ግማሹን እኔ ነኝ ያመጣሁባት።

አንድ ነገር ቀረኝ። «ለፊቷ» ብለሽ የጻፍሽበትን ትንሿን ብልቃጥ አልከፈትኳትም። የእኔ ጣት ጠመኔ ያሻከረው ነው፤ ለፊት አይሆንም፤ የአንቺ ይሻላል። ክዳኑን በመነጽር አይቼዋለሁ፤ እስከ ሰኔ መጨረሻ አይበላሽም ይላል።

የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፤ መንገድሽን ያቅናልሽ።

አባትሽ